ከተሞችን በሸራ ላይ ያኖረው ሰዓሊ፦ ቤርናርዶ ቤሎቶ

ሰፊ ወንዝ ጸጥ ብሎ ይፈስሳል። በወንዙ ላይ ባለ ብዙ ቅስት የድንጋይ ድልድይ ተዘርግቷል። ከድልድዩ ባሻገር እንደ ደወል ክብ የሆነ ታላቅ ጉልላት ወደ ሰማይ ይወጣል። በስተቀኝ ግንባታው ገና ያላለቀ፣ ግንቡ በእንጨት ርብራብ የታጠረ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። ሰማዩ ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ሲሆን፣ የሕንፃዎቹ ጥላ በውኃው ላይ ተኝቷል።

ይህ ሥዕል የጀርመኗ ድሬስደን ከተማ መለያ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎታል። ቅጂው በፖስታ ካርድ ላይ ይታተማል፤ በፍሬም ተደርጎ በመኖሪያ ቤቶችና በሆቴሎች ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ዋናው ሸራ ከሁለት ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሲሆን፣ በዚያው በድሬስደን የጥንታውያን ሰዓልያን ሥራዎች ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛል። የተሣለው በ1748 ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅጂውን ገዝተው ወደ ቤታቸው ከሚወስዱት መካከል የሰዓሊውን ስም የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ካናሌቶ የሚል ነው። መልሱ ስህተት ነው ማለት አይቻልም፤ ትክክል ነው ማለትም አይቻልም። ካናሌቶ በመላው አውሮፓ ዝናው የናኘ የቬኒስ ሰዓሊ ነው። ይህን ሥዕል የሠራው ግን የእህቱ ልጅ ቤርናርዶ ቤሎቶ ነው።

ከአጎቱ ጥላ ሥር

ቤሎቶ የተወለደው በ1720ዎቹ መጀመሪያ በቬኒስ ነው። እናቱ ፊዮሬንዛ የጆቫኒ አንቶኒዮ ካናል እህት ነበረች። ካናሌቶ የተባለው ይህ አጎት፣ ለንግድና ለሽርሽር ወደ ቬኒስ ለሚጎርፉ የእንግሊዝ ባለጸጎች የከተማዋን ቦዮች፣ አደባባዮችና ቤተ መንግሥቶች እየሣለ ይሸጥ ነበር። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ አልነበረም። ያዩትን ከተማ ለወዳጅ ዘመድ ማሳየት የፈለጉ ሰዎች ሥዕል ወይም በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጾ የታተመ ቅጂ ይዘው ይመለሱ ነበር። የከተማ ሥዕል እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ገበያ ነበረው ማለት ነው።

ቤሎቶ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ወደ አጎቱ የሥራ ክፍል ገባ። በ1738 የቬኒስ ሰዓልያን ማኅበር አባል ሆኖ ተመዘገበ። እጁ የአጎቱን እጅ እስኪመስል ድረስ ስለ ተማረ፣ በወጣትነቱ ከሠራቸው ሥዕሎች አንዳንዶቹ የማን እንደሆኑ የኪነ ጥበብ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ሁለቱም ካሜራ ኦብስኩራ በሚባል መሣሪያ ይጠቀሙ ነበር። መሣሪያው በአንድ ወገኑ ሌንስ የተገጠመለት ጨለማ ሣጥን ነው። በውጭ ያለው ሕንፃ በብርሃን ተሸክሞ ገብቶ በሣጥኑ ውስጥ ባለ ወረቀት ላይ ያርፋል፤ ሰዓሊውም መስመሩን ተከትሎ ይነድፋል። ዘዴው ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሣጥኑ ግን ከአንድ ቦታ የሚያሳየው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ቁራጮቹን አገጣጥሞ አንድ ሰፊ ከተማ ማድረግ፣ የቱን ማቅረብና የቱን ማራቅ እንደሚገባ መወሰን፣ በየሰዓቱ የሚለዋወጠውን ብርሃን በአንድ ሰዓት ላይ ማቆም የሰዓሊው ፈንታ ነበር። ሣጥኑን እንደ ዘመናዊ ካሜራ የሚቆጥሩ ሰዎች የቤሎቶን ሥራ ከሚገባው በላይ ያምኑታል። ይህ እምነት ኋላ ላይ ትልቅ ጉዳይ ሆኖ ይመጣል።

በ1740ዎቹ ወጣቱ ሰዓሊ ጣልያንን ዞረ። ፍሎረንስን፣ ሉካንና ሮምን ሣለ፤ ወደ ሎምባርዲያ ወጣ፤ በ1745 በቶሪኖ ለሳርዲኒያው ንጉሥ ሠራ፤ ከዚያም ወደ ቬሮና አለፈ። በእነዚህ ጉዞዎች ከአጎቱ የሚለየው ነገር እየጎላ መጣ። የካናሌቶ ቬኒስ ሞቅ ያለች፣ ፀሐይ የምትጫወትባትና እንግዳ የምታስደስት ናት። የቤሎቶ ከተሞች ቀዝቀዝ ይላሉ። አረንጓዴያቸው ይጠቁራል፤ ጥላቸው ረጅምና ከባድ ነው፤ የግድግዳው ስንጥቅ፣ የተላጠው ልስን፣ በመስኮት የተሰጣው ልብስ ሁሉ ይቆጠራል። ስሙን ግን አልተወም። በሥዕሎቹ ላይ ካናሌቶ የሚለውን ስም ከራሱ ጋር እያያዘ ይፈርም ነበር። ስሙ ገበያ ያመጣለታል፤ ያው ስም ደግሞ ይውጠዋል። በጀርመንና በፖላንድ ዛሬም ካናሌቶ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የእህቱ ልጅ ነው።

የድሬስደን ዓመታት

በ1740 በኦስትሪያ ዙፋን ውርስ ምክንያት የተቀሰቀሰው ጦርነት የእንግሊዝ መንገደኞችን ከቬኒስ አራቀ። ካናሌቶ ገዢዎቹን ተከትሎ በ1746 ወደ ለንደን ሄደ። በማግሥቱ ዓመት ቤሎቶም ተነሣ፤ አቅጣጫው ግን ወደ ሰሜን ነበር። የሳክሶኒ መራጭ ልዑልና የፖላንድ ንጉሥ አውጉስቶስ ሣልሳዊ ወደ ድሬስደን ጠርተውት ነበር።

ንጉሡ ከጦር ሜዳ ይልቅ ሥዕል፣ ሙዚቃና አደን የሚወዱ ሰው ነበሩ። አባታቸው የጀመሩትን ግንባታ ቀጥለው ዋና ከተማቸውን በኤልበ ወንዝ ዳር ውብ አድርገው እያነጹ ነበር። ያነጹትን የሚያሳይ ሰው ፈለጉ። ቤሎቶ በ1748 የቤተ መንግሥት ሰዓሊ ሆኖ ተሾመ፤ የዓመት ደመወዙም 1750 ታለር ሆነ። ዕድሜው ገና ሠላሳ አልሞላም፤ ደመወዙ ግን በዚያ ቤተ መንግሥት ለሰዓሊ ከተከፈለው ሁሉ ከፍተኛው ነበር።

በቀጣዮቹ ዓመታት 14 ታላላቅ የድሬስደን እና 11 የፒርና ከተማ ሥዕሎችን ሠራ። ፒርና በኤልበ ዳር የምትገኝ፣ ከድሬስደን ብዙም የማትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። በ1747 በሣለው የመጀመሪያው ታላቅ የድሬስደን ሥዕል ፊት ለፊት ላይ ራሱን ተቀምጦ ሲነድፍ አስገብቷል። በአካባቢው የነበሩ ሌሎች ሁለት ሰዓልያን ቆመው ያዩታል። እንግዳው ሰው መድረሱን የተናገረበት መንገድ ይህ ነበር።

የሸራ ሥዕሎቹ የንጉሡ ንብረት ናቸው። ቤሎቶ ግን ነጋዴም ነበርና እነዚያኑ ገጽታዎች በመዳብ ሰሌዳ ላይ በአሲድ እየቀረጸ በወረቀት አሳተመ። የታተሙት ቅጂዎች ትልልቅ ነበሩ፤ ከንጉሡ አዳራሽ መግባት ለማይችል ሰውም ይሸጡ ነበር። ዛሬ በየመደብሩ የሚታየው ባለ ፍሬም ቅጂ የዚያ ንግድ የሩቅ ልጅ ነው።

ከንጉሡ በኋላ ሁለተኛው ደንበኛው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሃይንሪሽ ፎን ብሩል ነበሩ። በሳክሶኒ ሥልጣን የነበራቸው እሳቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለንጉሡ የተሣሉትን ገጽታዎች እሳቸውም እንዲኖሯቸው ስለ ፈለጉ፣ ቤሎቶ 21 ሥዕሎችን በድጋሚ ሣለላቸው። ክፍያው ግን አልመጣም። ሰዓሊው ጠበቀ፤ ሚኒስትሩ ዘገዩ፤ ከዚያም ጦርነት መጣ።

ጦርነቱ

በነሐሴ 1756 የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ሁለተኛ ጦር ሳክሶኒን ወረረ። የሳክሶኒ ሠራዊት በፒርና አቅራቢያ ተከብቦ እጁን ሰጠ። ቤሎቶ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ላምና በግ ሲሰማራበት የሣለው ሜዳ የጦር ሰፈር ሆነ። አውጉስቶስ ሣልሳዊ ከነሚኒስትራቸው ወደ ሌላይቱ ዋና ከተማቸው ወደ ዋርሶ ሸሹ። የሰዓሊው ደመወዝም ተቋረጠ።

በዚያን ጊዜ ቤሎቶ ኮኒግሽታይን የተባለውን፣ በገደል ላይ የተሠራውን የሳክሶኒ ምሽግ የሚያሳዩ አምስት ታላላቅ ሥዕሎች እየሠራ ነበር። ሥዕሎቹ ተጠናቀቁ፤ የሚቀበላቸው ንጉሥ ግን በከተማው አልነበረም። ኋላ ላይ ወደ ብሪታንያ ተሻገሩ። ከእነሱ አንዱን የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ በ2017 ገዝቶታል።

ሰዓሊው እንጀራ ፍለጋ ልጁን ሎሬንዞን ይዞ ወደ ቪየና አቀና። እዚያ የተቀበሉት እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ነበሩ። እቴጌይቱ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደሉም፤ ማርትሬዛ እየተባለ በአገሪቱ ገበያዎች ለረጅም ዘመን ሲዘዋወር የኖረው ጠገራ ብር መልካቸውን የያዘ ነው። ቤሎቶ ለእቴጌይቱ 13 ሥዕሎችን ሠራ። ከሁሉም የታወቀው ከቤልቬደሬ ቤተ መንግሥት ወደ ከተማው ቁልቁል የሚያየው ነው። በግራና በቀኝ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ጉልላቶች፣ በመካከል የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ቀጭን ግንብ፣ ከፊት ለፊት በሥርዓት የተከረከመ የአትክልት ቦታ፣ በስተኋላ ሰማያዊ ኮረብታዎች ይታያሉ።

እሱ በቪየና ሳለ በሐምሌ 1760 ፕሩሲያውያን ድሬስደንን በመድፍ ደበደቡ። የከተማዋ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ፍራወንኪርሸ ጥይቱን ቻለች፤ ድንጋዩ ጉልላቷ አልተናደም። የቤሎቶ ቤት ግን ወደመ። በውስጡ የነበረው ንብረት፣ ሥዕልና የኅትመት ሥራው አብሮ ጠፋ። ኪሳራውን ራሱ ሲያሰላው 50,000 ታለር አደረሰው። ስሌቱ የተቆጣ ሰው ስሌት ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም የብዙ ዓመት ድካሙ በአንድ ሰሞን አመድ መሆኑ አያጠራጥርም።

በሙኒክ ጥቂት ጊዜ ሠርቶ በ1762 መጀመሪያ ላይ ወደ ድሬስደን ተመለሰ። የጠበቀው ከተማ ትቶት የሄደው አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሠራቸው ሁለት ሥራዎች ከቀደሙት ሁሉ ይለያሉ። አንደኛው የፒርና በር ሰፈር ፍርስራሽ ነው። ሁለተኛው በ1765 የተሣለው የክሮይትስኪርሸ፣ ማለትም የመስቀል ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ነው። ይህችን ቤተ ክርስቲያን ከጦርነቱ በፊት ሙሉ ሳለች፣ በሰላማዊ ቀን፣ ሠረገላና ሰው በፊቷ ሲመላለስ ሥሏት ነበር። በ1760ው ድብደባ ተቃጠለች፤ የተረፈው ግንቧም በ1765 ተናደ። ቤሎቶ ዕቃዎቹን ይዞ ወደ ቦታው ሄደ። ግማሹ ተገምሶ የቆመው ግንብ ሆድ ዕቃው እንደ ተከፈተ አውሬ ወለል ብሎ ይታያል። ከሥሩ የድንጋይ ክምር አለ፤ ሠራተኞች በረጃጅም መሰላል ላይ ተንጠልጥለዋል፤ የከተማው ሰው ዙሪያውን ቆሞ ያያል። እያንዳንዱ ድንጋይ የቤተ መንግሥት መስኮት በተሣለበት ጥንቃቄ ተሥሏል። ለቅሶ የሚያስነሳ ቀለም አልጨመረበትም። ከሥዕሎቹ ሁሉ የትኛው ይበልጣል ቢባል፣ በየመደብሩ ፍሬም ከሚገባለት የወንዝ ዳር ገጽታ ይልቅ ይህኛው ሳይሆን አይቀርም። በመኖሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ሰው ግን ጥቂት ነው።

አውጉስቶስ ሣልሳዊና ብሩል በ1763 በአንድ ወር ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። የሚኒስትሩ ወራሾች ዕዳውን ለመክፈል ፈቃደኛ አልሆኑም። ያልተከፈለባቸው ሥዕሎች ከብሩል ስብስብ ጋር በ1769 ለሩሲያዋ ንግሥት ካትሪን ተሸጡ። ሠሪው ያላገኘውን ዋጋ የባለ ዕዳው ቤተሰብ አገኘው ማለት ነው። አዲሱ የሳክሶኒ መንግሥት በጦርነቱ ደህይቶ ስለነበር ለቤሎቶ የሰጠው በ1764 በተቋቋመው የኪነ ጥበብ አካዳሚ የርቀት አሳሳል መምህርነትን ነበር። ደመወዙ 600 ታለር ሲሆን፣ የቀድሞውን ሲሶ ያህል ነው።

በዚሁ ዘመን ግድም ራሱን የቬኒስ መኳንንት በሚለብሱት ታላቅ ካባ አጊጦ፣ በምናብ በተፈጠረ ቤተ መንግሥት ውስጥ ቆሞ ሣለ። መኳንንትነቱ የሥዕል ብቻ ነበር።

ዋርሶ

በ1766 መጨረሻ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ለመሄድ የጥቂት ወራት ፈቃድ ጠየቀ። ሐሳቡ በንግሥት ካትሪን ቤተ መንግሥት ሥራ ማግኘት ነበር። በመንገዱ ላይ ዋርሶ ደረሰ፤ ከዚያም አላለፈም። አዲሱ የፖላንድ ንጉሥ ስታኒስዋቭ አውጉስት ፖኒያቶቭስኪ አስቀሩት። በ1768 የቤተ መንግሥት ሰዓሊያቸው አደረጉት።

ንጉሡ የተማሩ፣ መጽሐፍና ሥዕል የሚወዱ፣ አገራቸውን ለማሻሻል የሚጥሩ ሰው ነበሩ። አገራቸው ግን በጎረቤቶቿ መካከል እየተሸራረፈች ነበር። ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ በ1772 የመጀመሪያውን ክፍል ቆርሰው ወሰዱ፤ በ1793 እና በ1795 ደግሞ ቀሪውን ጨረሱት። ቤሎቶ የዋርሶን ገጽታዎች የሣለው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። በሥዕሎቹ ላይ የሚታየው ግን የፈረሰ አገር አይደለም። ቤተ መንግሥቶች በፀሐይ ያበራሉ፤ ሠረገላ ያልፋል፤ ባለ ሱቁ ይሸጣል፤ መነኩሴው፣ ለማኙ፣ ወይዘሮዋና ውሻዋ ሳይቀሩ በየቦታቸው አሉ።

በ1770 ዋርሶን ከቪስዋ ወንዝ ማዶ፣ ከፕራጋ ሰፈር ሆኖ ሣላት። ከተማይቱ በወንዙ አፋፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግታለች። ሰዓሊው እዚህም ከፊት ለፊት ራሱን በሥራ ላይ አስገብቷል። በዚያው ዓመት ልጁና የሥራ ረዳቱ ሎሬንዞ ሞተ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመታት ያለ እሱ ሠራ።

እነዚህ የዋርሶ ገጽታዎች በንጉሡ ቤተ መንግሥት ውስጥ በአንድ ክፍል ተሰቅለው ነበር። ወደ ንጉሡ ለመቅረብ ተራውን የሚጠብቅ እንግዳ የሚያየው እነሱን ነበር። ሥዕሎቹ ጌጥ ብቻ አልነበሩም። ፖላንድን ለሦስት ሊከፋፈሉ የመጡ መንግሥታት መልእክተኞች፣ ይህች አገር ሕያው ዋና ከተማ እንዳላት ቆመው እንዲያዩ ተደርገዋል።

ቤሎቶ በኅዳር 17 ቀን 1780 በዋርሶ ሞተ። በሚዮዶቫ ጎዳና በሚገኘው የካፑቺን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ከ12 ቀን በኋላ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛም በቪየና አረፉ። በኢትዮጵያ ገበያዎች የታወቀው ጠገራ ብር በየትኛውም ዘመን ቢመታ የሚይዘው ዓመት ይኸው 1780 ነው።

ሸራዎቹ ሲሰደዱ

ሰዓሊው ከሞተ በኋላ ሥዕሎቹ ከእሱ የበለጠ ተጓዙ። የናፖሊዮን ሰዎች አንዳንዶቹን ወደ ፓሪስ ወስደው ነበር፤ ተመለሱ። በ1830 ፖላንዳውያን በሩሲያ ላይ ያነሡት አመፅ ከተደመሰሰ በኋላ ዛር ኒኮላይ ቀዳማዊ በ1832 ወደ ሩሲያ አስወሰዷቸው። ፖላንድ ነጻነቷን መልሳ ካገኘች በኋላ፣ በ1921ዱ የሪጋ የሰላም ውል መሠረት ወደ ዋርሶ ገቡ። ሁለት አሥርት ዓመታት እንኳ ሳይቆዩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የናዚ ጀርመን ወራሪዎች ዘረፏቸው።

በነሐሴ 1944 የዋርሶ ሕዝብ በወራሪው ላይ ተነሣ። አመፁ ከሁለት ወር በኋላ ተሸነፈ። ከዚያ የተከተለው በጦርነት ታሪክ እምብዛም ያልታየ ነው። ነዋሪዎቹ ተባረሩ፤ ከተማይቱም ቤት በቤት፣ ሠፈር በሠፈር በእሳትና በፈንጂ እንድትጠፋ ተደረገ። ቤሎቶ ሥዕሎቹን የሰቀለበት ቤተ መንግሥት በዚያ ወቅት በፈንጂ ተናደ። ጦርነቱ ሲያበቃ ከዋርሶ ሕንፃዎች 85 በመቶ ያህሉ ፍርስራሽ ነበሩ። የተዘረፉት ሥዕሎች ግን በ1945 ተገኝተው ተመለሱ። ከተማይቱ የለችም፤ ሥዕሏ አለ።

መንግሥት ዋና ከተማውን ወደ ሌላ ስፍራ ለማዛወር አስቦ ነበር። በመጨረሻ ግን ዋርሶ በቦታዋ እንድትቆም ተወሰነ። የቅርስ ጥበቃውን ሥራ የመሩት አርክቴክት ያን ዛህቫቶቪች፣ ጠላት ሆን ብሎ ያጠፋውን ሆን ብሎ መመለስ ይገባል የሚል ጽኑ አቋም ነበራቸው። ይህ ከሙያው ልማድ የወጣ ነበር፤ የቅርስ ጠባቂዎች የተረፈውን ይጠብቃሉ እንጂ የጠፋውን አስመስሎ መሥራት አይወዱም።

በዚህ ጊዜ የቤሎቶ ሥዕሎች ከግድግዳ ጌጥነት ወደ ሥራ ሰነድነት ተሸጋገሩ። በተለይ ክራኮቭስኪዬ ፕሼድሚዬሽቺዬ በተባለው ታላቅ ጎዳና ላይ የነበሩ ቤቶች ሲሠሩ፣ የጣሪያው ቅርፅ፣ የመስኮቱ ብዛት፣ በግንባር ላይ ያለው ጌጥ ከእነሱ ይታይ ነበር።

ነገሩ ሲተረክ ግን ብዙ ጊዜ ይጋነናል። ዋርሶ ከሥዕል ብቻ አልተሠራችም። ከጦርነቱ በፊት የከተማዋ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ተማሪዎችና መምህራን አሮጌ ቤቶችን እየለኩ ነድፈዋቸው ነበር። እነዚህ ንድፎች ከከተማዋ በድብቅ ወጥተው በፒዮትርኩፍ በሚገኝ ገዳም ተሸሽገው ተርፈዋል። ፎቶግራፎችም ነበሩ። የቤሎቶ ሥዕል ቀለሙን፣ መልኩንና ዘመኑን ሰጠ፤ ልኩን የሰጡት ሌሎች ናቸው።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ ደግሞ አለ። ቤሎቶ ታማኝ ምስክር ነበር? በዋርሶ ባልነበረበት በ1764 የተካሄደውን የንጉሡን ምርጫ እንዳየ ሰው አድርጎ ሥሎታል። ሲያስፈልገው አደባባይ ያሰፋል፤ ግንብ ያስረዝማል፤ ሩቁን ያቀርባል። የሚሠራው ለንጉሥ ነበር፤ ንጉሥም ከተማውን ካለችበት አሳምሮ ማየት ይወዳል። ስለዚህ በ1950ዎቹ በሥዕሉ መሠረት የተሠራ አንዳንድ ግንባር ከጦርነቱ በፊት የነበረውን አይመስልም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተጨመሩ ፎቆች ቀርተዋል፤ ከተማይቱ ናዚዎች ያገኟትን ሳትሆን ስታኒስዋቭ አውጉስት ያዩዋትን፣ አንዳንዴም ሊያዩዋት የተመኙትን መስላለች። ለዋርሶ ሰዎች ይህ እንደ ስህተት አልተቆጠረም። የመረጡት ፖላንድ ከመበታተኗ በፊት የነበረውን ዘመን ነው።

አሮጌው ከተማ በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ፤ ሰዓሊው ከሞተ ልክ 200 ዓመት ሆኖት ነበር። ቤተ መንግሥቱ ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ ጭምር ተሠርቶ በ1984 ተጠናቀቀ። 22ቱ የቤሎቶ ሥዕሎችም ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

በድሬስደን የሆነውም የዚህ ወንድም ነው። በየካቲት 1945 የብሪታንያና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ እስከ 25,000 ሰው ሞተ። የፍሬድሪክን መድፍ የቻለችው ፍራወንኪርሸ ከሁለት ቀን ቃጠሎ በኋላ ተናደች። በሥዕሉ መካከል የቆመው ጉልላት ከእውነተኛው ሰማይ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ጠፋ። ሥዕሎቹ ከድብደባው በፊት ከከተማው ስለ ወጡ ተረፉ፤ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተወስደው በ1950ዎቹ አጋማሽ ተመለሱ። ቤተ ክርስቲያኗ እንደገና ተሠርታ በጥቅምት 2005 ስትመረቅ፣ በባለ ፍሬሙ ቅጂና በወንዙ ዳር እይታ መካከል የነበረው ክፍተት ተዘጋ።

ይሁንና ሥዕሉ ከተማዎቹን ማስጨነቁን አላቆመም። የድሬስደን የኤልበ ሸለቆ በ2004 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ነበር፤ በሸለቆው አዲስ ድልድይ በመሠራቱ በ2009 ከመዝገቡ ተሰረዘ። ቪየናም ቤሎቶ ከቤልቬደሬ በሣለው አቅጣጫ ላይ ጎልቶ የሚታይ ረጅም ሕንፃ ለመሥራት በወጣ ዕቅድ ሳቢያ በ2017 አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባች። ክርክሩ የሚካሄደው ሥዕሉን ከፊት አስቀምጦ ነው። ሥዕሉ ራሱ ጉልላቶቹን አቀራርቦ ያሳመረ መሆኑን የሚያነሱ የግንባታው ደጋፊዎችም አሉ፤ የጥበቃ ወገኖች ደግሞ ቪየናውያን ለሁለት መቶ ዓመታት ከተማቸውን ያወቁት በዚያ መልክ ነው ይላሉ።

በዋርሶ የሥዕሎቹ ቅጂዎች በየተሣሉበት ጎዳና ላይ ቆመዋል። መንገደኛው ቅጂውን አይቶ ቀና ሲል እውነተኛው ሕንፃ ከፊቱ ነው። ሚዮዶቫ፣ ስሙ ከማር የተወሰደው ጎዳና፣ ቤሎቶ በ1777 ሥሎታል። በዚያ የሚገኘው የብራኒትስኪ ቤተ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ በሥዕሉ መሠረት ተሠርቷል፤ በጣሪያው ዙሪያ ያሉት የድንጋይ ሐውልቶች ከሸራው ተቀድተው ወጥተዋል። በዚያው ጎዳና ላይ ሰዓሊው የተቀበረበት የካፑቺን ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። እሱም በ1944 ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው።